በሞቴ የማይባልባት ደሴት

«በልቻለሁ» የሚለው ቃል እኛ አገር ስለ ሆድ ምንም ዓይነት መረጃ አይሰጥም። የሰላምታ ዘመድ ነው። ሰው ቤት ገብታችሁ ምግብ ሲቀርብ መጀመሪያ «በልቻለሁ» ትላላችሁ፤ አለመብላታችሁን እናንተም ታውቃላችሁ፣ ባለቤቲቱም ታውቃለች፣ ሆዳችሁማ እዚያው ተቀምጦ ጮክ ብሎ ይመሰክርባችኋል። «በሞቴ!» ትላለች። «ኧረ አሁን ከገበታ መነሳቴ ነው» ትላላችሁ። «አፈር ስሆን!» ትላለች። ይሄኔ ትንሽ ትተክዛላችሁ፣ ሰዓታችሁን ታያላችሁ፣ ከባድ ውለታ እንደሚውል ሰው ትተነፍሱና «እንግዲህ ካልሽ ልቅመስልሽ» ብላችሁ ትሪው እስኪራቆት ድረስ ትቀምሳላችሁ።

ልኩ ሦስት ነው። በመጀመሪያው ጥያቄ እሺ ያለ ሆዳም ነው፣ አሳዳጊ የበደለው። በሦስተኛውም እምቢ ያለ ደግሞ ወይ ንቆናል ወይ መርዝ ጠርጥሯል። በሁለቱ መካከል ባለችው ቀጭን መንገድ ሳይወድቅ የሚሄድ ጨዋ ይባላል። እርግጥ «እንዳያማህ ጥራው፣ እንዳይበላ ግፋው» የሚሉም አሉ፤ የነሱን «እንብላ» «ይባረክ፣ ብሉ» ብሎ ማለፍ ነው እንጂ እጅ አስታጥቡኝ ማለት ጉድ ያፈላል። ይህ ሁሉ ሕግ የትም አልተጻፈም፤ አንድም ሰው ግን አይስተውም።

እኔ ይህን ሕግ ይዤ ነው ባሕር የገባሁት። ባሕር የሌለው አገር ልጅ መርከብ ላይ ምን ይሠራል ብላችሁ ከሆነ፣ ከጊዮርጊስ ጀርባ ያሉት ጎረቤቶቼ ሁሉ ቀድመዋችኋል። መርከብ ሞተር አለው፤ ሞተር ይበላሻል፤ የተበላሸ ሞተር ደግሞ ጠጋኙን የት ተወለድክ ብሎ አይጠይቅም። መልሴ ይኸው ነው። ጎረቤቶቼ ይህን ሰምተው ራሳቸውን ይነቀንቁና «እና ዋና ትችላለህ?» ይሉኛል። አልችልም።

አብሮኝ የሚሠራው ሽኩር ነው። ሽኩር የሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ልጅ ነው፤ አባቱ ከጉራጌ አገር መጥተው ድልድዩ አጠገብ ሱቅ ከፍተው፣ እሱን እዚያው ሱቁ ባንኮኒ ላይ አሳድገውታል ማለት ይቻላል። እኔና እሱ አንድ ክፍል ተምረናል፣ አንድ መርከብ ላይ ተቀጥረናል፤ ማን ማንን ተከትሎ እንደገባ እስካሁን እንጨቃጨቃለን። ስለራሱ ያለው እምነት የሚያስቀና ነው። አራዳ አይሸወድም፣ አራዳ አይጠፋም፣ አራዳ ነቄ ነው ይላል። በአርባ ቀን የባሕር ጉዞ ውስጥ ይህን ንግግር ስንት ጊዜ እንደሰማሁት የሚያውቀው የሞተሩ ጩኸት ብቻ ነው፤ እሱም ባይኖር ኖሮ ከዚያ በላይ እሰማው ነበር።

በዚያ ጉዞ ሽኩር ሙሽራ ነበር። እጮኛው ሰሚራ የጎረቤታቸው ልጅ ናት። ሰርጉ አንድ ጊዜ ተላልፏል፤ መርከባችን ወደብ ሳይደርስ ቀርቶ ሙሽራው ውሃ ላይ እያለ ድንኳኑ ተጥሎ ተነቀለ። የሰሚራ አባት ያን ጊዜ በስልክ የነገሩትን ሽኩር ቃል በቃል ሸምድዶታል፦ «ልጄ፣ አንድ ጊዜ የአላህ ሥራ ነው ብያለሁ። ሁለተኛ ቀን ከተቀየረ ግን ልጄን እዚህ መሬት ላይ ላለ ሰው እሰጣለሁ።» ሁለተኛው ቀን ሊደርስ ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር። በአራት ቀን ውስጥ ወደብ እንደርሳለን፣ ሽኩር ከዚያ በአውሮፕላን ይሄዳል፣ ያገባል። ሁሉም ነገር ተስተካክሏል። እንደምታውቁት ሁሉም ነገር ሲስተካከል ነው መፍራት።

ወደቡ ተራ ጠብቁ አለንና አንዲት ደሴት ፊት ለፊት መልሕቅ ጣልን። አረንጓዴ ናት፣ ዳር ዳሯ ነጭ አሸዋ፣ ኮኮናቱ ወደ ባሕሩ ያዘነበለ። በማግሥቱ ሥራ ላይ ያልሆንን ሰዎች በትንሿ ጀልባ ወርደን እንድንውል ተፈቀደ። ካፒቴኑ ቃል የሚያባክን ሰው አልነበረም። በእኛ አቆጣጠር አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጀልባዋ አሸዋው ላይ ናት፣ አሥራ አንድ ከሩብ ላይ የለችም፣ ተራችን ስለደረሰ ማታ እንሄዳለን አለ። ሌላ መርከብ ደሴቲቱን የሚጎበኛት በወር አንድ ጊዜ መሆኑንም ጨመረበት። ሽኩር ቀኑን በጣቱ ቆጠረና «ወር ማለት ሰሚራ የሌላ ሰው ሚስት ናት ማለት ነው» አለኝ። ቀልድ አልነበረም።

ልንወርድ ስንል የመርከቡ ወጥ ሠሪ በፌስታል የተጠቀለለ ምሳ ይዞ መጣ። «ምሳ ይዛችሁ ሂዱ» አለ። ሽኩር እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «ኧረ አትቸገር፣ አያስፈልግም» አለው። ወጥ ሠሪው «እሺ» ብሎ ይዞት ተመለሰ። የእኛ አገር ሰው አይደለም። ያን ጊዜ መንቃት ነበረብን።

ደሴቲቱን በእግር ከዳር እስከ ዳር ልናቋርጣት ተነሳን። ሽኩር ከመርከቧ ላይ ሆኖ በዓይኑ ለክቷት «ከምኒልክ አደባባይ እስከ ለገሃር ብትሆን ነው» ብሎ ነበር። እንዳንጠፋም መላ ዘየደ፦ ያገኘነውን ሁሉ በሰፈራችን ስም እየጠራን መሄድ። ትልቁን ዛፍ ምኒልክ አደባባይ አልነው። ቁልቁለቱን ቸርችል፣ መንገዱ የሚከፈልበትን ቦታ ቴዎድሮስ አደባባይ። ወንዟ ላይ የተጋደመውን የኮኮናት ግንድ ደግሞ፣ ሌላ ስም ሊኖረው ስለማይችል፣ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አልነው። ሽኩር ግንዱ ላይ ቆሞ ፎቶ ተነሳ፤ ያባቱ ሱቅ የነበረበትን አቅጣጫም በጣቱ አሳየኝ። አራዳ ሲባል እንዲህ ነው። የዓለምን ጫፍ አሳዩት፣ የራሱን ሰፈር ያይበታል።

ሙቀቱ ሌላ ዓይነት ነው፤ አየሩ ራሱ ላብ አለው። ሁለት ሰዓት ያህል ከሄድን በኋላ አንዲት አሮጊት ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ዓሣ ሲጠብሱ አገኘን። ስለ ዓሣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ ሽኩር ሙስሊም፤ ሥጋ ስንበላ የየራሳችን ሣህን አለን። ዓሣ ግን ማን ባረከህ የማይባል ፍጡር ነውና ለእኛ የሰላም ስምምነታችን ነበር። የአሮጊቷ ዓሣ ከሰል ላይ ሆኖ ስቡ ይንጫጫል፤ አጠገቡ ድንች የሚመስል የተጠበሰ ፍሬ ተቆልሏል። አሮጊቷ ፈገግ ብለው ምንጣፉን አሳዩንና በዚያች ሁላችንም በምንሰባብራት እንግሊዝኛ «ኑ፣ ብሉ» አሉን።

«እናመሰግናለን እማማ፣ በልተናል» አለ ሽኩር።

«ጥሩ» አሉና ዓሣውን በቅጠል ሸፈኑት።

ተቀመጥን። «ቆይ፣ ሁለተኛውን ይላሉ» አለኝ ሽኩር በአማርኛ፣ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ። አሮጊቷ ስለ ልጅ ልጆቻቸው ነገሩን። ቆየን። ስለ ዝናቡ ነገሩን። እኔ ሳል ጀመርኩ፤ በሰፈራችን ሳል ብዙ ሥራ ይሠራል፣ እዚያ ግን ሳል ሳል ነበር። ሽኩር ዓሣውን እያየ «ደስ የሚል ሽታ ነው» አለ። አሮጊቷ «አዎ፣ ጥሩ ዓሣ ነው» ብለው ተስማሙ። ግማሽ ሰዓት አለፈ። በመጨረሻ ቅጠሉን ገልጠው፣ የበሉትን በልተው፣ የተረፈውን ይዘው ውሻቸውን ጠሩት። ውሻው አንድ ጊዜ ተጠየቀ፤ ወዲያው እሺ አለ።

ሴትዮዋ ክፉ አልነበሩም። እንዲያውም ስንሄድ እጃቸውን እያውለበለቡ ሸኙን። ጥፋታቸው አንድ ነው፦ ያልነውን አመኑን። እኔ በሕይወቴ እንዲህ ያለ ስድብ ደርሶብኝ አያውቅም።

ከዚያ በኋላ ሆድ እንጂ ጭንቅላት አልመራንም። «እንመለስ» ተባባልን። ችግሩ በደሴቲቱ ላይ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አንድ አልነበረም። ግንድ የተጋደመበት ወንዝ አገኘንና ተሻገርን፤ ሌላ ግንድ መጣ፤ ሦስተኛም መጣ። ምኒልክ አደባባይ ያልነው ዛፍ ወንድሞችና እህቶች ነበሩት፣ ሁሉም አባታቸውን ይመስላሉ። ቸርችል ብለን የወረድነው ቁልቁለት ረግረግ ውስጥ ጨመረን። «አራዳ አይጠፋም» አልኩት ሽኩርን። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፤ ዘጠኝ ተኩል ሆነ።

ዕድል ቀንቶን የአፈር መንገድ ላይ ወጣን፤ ወዲያውም አንድ ሰውዬ ጭነት የጫነባት አሮጌ መኪና እየነዳ ደረሰ። አጠገባችን አቆመና አንገቱን አውጥቶ ጭቃችንን፣ ላባችንን አየ። «መርከበኞች ናችሁ? ወደ ጀልባችሁ ላድርሳችሁ?» አለን።

እዚህ ላይ ፒያሳ ስናወራው ሁልጊዜ ሽኩር ነው እምቢ ያለው እያልኩ ነው የምናገረው። እውነቱን ለእናንተ ልንገር። እኔ ነኝ። አፌ ከእኔ ቀድሞ ተነሳ። እጄ ሄዶ ደረቴ ላይ አረፈ። «ኧረ አይድከሙ፣ ቅርብ ነው፤ እግራችንን እያፍታታን እንደርሳለን» አልኩት፤ አንገቴንም ሰበር አደረግሁ። በልቤ ደግሞ «ግቡ እንጂ፣ በሞቴ!» እስኪለኝ እጠብቅ ነበር፤ የመኪናው በር እጀታ የት እንዳለ እንኳ በዓይኔ አይቼ ጨርሻለሁ። ሰውዬው «መልካም ጉዞ» አለና ሄደ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ከአቧራው ኋላ እየሮጥን በሁለት ቋንቋ ጮኽን፤ መኪናዋ ግን ከእኛ ይልቅ ትጮህ ነበርና አልሰማንም።

ሽኩር መንገዱ መሃል ቆሞ አየኝ። «ሰርጌን እኮ ነው አይድከሙ ብለህ የሸኘኸው!» አለ። «ቅርብ ነው? የት ነው ቅርቡ? አንተ ፋራ! ምን ነካህ?»

«አንተስ ዓሣውን?»

«ዓሣ እና ሰሚራ አንድ ናቸው?»

ከዚያ ሽኩር መሬት ላይ ተቀመጠና አለቀሰ። ከተዋወቅን ሃያ ዓመት አልፎናል፤ አባቱ የሞቱ ዕለት ካልሆነ በቀር እንባውን አይቼ አላውቅም። ያኔ ፈራሁ። የአንድ ሰው ትዳር እንደ ጨዋታ በምንደጋግማት በአንዲት ቃል ሊቀር ነው፤ ቃሏን ያወጣሁት ደግሞ እኔ ነኝ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚሉት እውነታቸውን ነው። ይቅርታ ልለው ፈለግሁ፣ ግን ያንንም ሦስት ጊዜ ካልተለመንኩ ማለት አልቻልኩም። እጁን ይዤ አነሳሁትና መኪናዋ በሄደችበት ሮጥን።

አሥር ሰዓት ከሃያ ላይ ባሕሩ ጋ ወጣን፣ ግን በሌላ በኩል። መርከባችን ከድንጋዩ ጫፍ ማዶ ጅራቷ ብቻ ይታያል። አሸዋው ላይ አንድ ሽማግሌ ታንኳቸው አጠገብ ተቀምጠው መረብ ይጠግናሉ። ቀና ብለው አዩንና አፋቸውን ከፈቱ።

«ትፈልጋላችሁ...» ብለው ጀመሩ።

«አዎ!» አለ ሽኩር። ታንኳው ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል።

በኋላ እንደገባን ሰውዬው ሊሉ የነበረው «ዓሣ መግዛት ትፈልጋላችሁ?» ነው። ሽኩር ወደ መርከቧ እየጠቆመ «አሥራ አንድ ሰዓት! ሙሽራ! ሙሽራ!» ሲል ግን ሳቁና መረባቸውን ጥለው ቀዘፋ ያዙ። መንገድ ላይ የተበሳ ኮኮናት ወደ እኛ ዘረጉ። «ውሃ...» ሲሉ ሁለታችንም «አዎ!» አልን። እንዲህ ያለ ጣፋጭ ቃል ስንት ዓመት ሙሉ አፋችን ውስጥ ይዘን ኖረናል! ድንጋዩን ስንዞር ጀልባችን ከአሸዋው ተነስታ ወደ መርከቧ ፊቷን አዙራለች። ሽኩር ቆመ፣ ታንኳዋ ልትገለበጥ ደረሰች፣ እኔ ዋና አለመቻሌ ትዝ አለኝ። ጀልባዋን ይዞ የነበረው ሰው እኛን ሲያይ ወደ እኛ ዞረ። ከጀልባዋ ወጥተን መርከቧ ላይ ስንቆም ካፒቴኑ ሰዓቱን አይቶ ወደ ክፍሉ ገባ። ወጥ ሠሪው ግን ያን የጠዋቱን ፌስታል አምጥቶ «ትበላላችሁ?» አለ። ዓረፍተ ነገሩን አላስጨረስነውም።

የዚያን ማታ ተማማልን። ከእንግዲህ የተጠየቅነውን በመጀመሪያው እንመልሳለን፤ አዎ አዎ ነው፣ አይ አይ ነው። ይሉኝታ የሚባለውን ዕቃ ባሕር ውስጥ ጣልነው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሽኩር በቀኑ፣ በሰዓቱ፣ በሱፉ ቀረበ። የሁለቱም ቤተሰብ ግቢ ለአዲሱ መንገድ ፈርሶ ሰዉ በየአቅጣጫው ወደ ኮንዶሚኒየም ስለተበተነ ሰርጉ እዚያው ፒያሳ በኪራይ አዳራሽ ነው። ኒካህ የሚያስሩት ሼህ መሃል ተቀምጠዋል። የሰሚራ አባት የሽኩርን እጅ ያዙ። ንግግር የሚወዱ፣ ቃላቸውን እንደ ጨርቅ እየለኩ የሚቆርጡ ሽማግሌ ናቸው። ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ዙሪያውን አዩ፣ «ልጄን...» ብለው ጀመሩ።

«ተቀብያለሁ!» አለ ሽኩር።

ሼሁ መነጽራቸውን አወለቁ። «ቆይ እንጂ ልጄ፣ ስሟ እንኳ ገና አልተጠራም» አሉት። የሽኩር አጎት በኀፍረት መሬት መሬት ያያሉ፤ ኋላ በኩል አንዱ «ኧረ ሼም ነው!» ሲል ሰማሁት። የሰሚራ አባት ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። «ተዉት ይቸኩል፤ አንድ ጊዜ ዘግይቷል» አሉና እንደ አዲስ ጀመሩ። በሁለተኛውም ስሟ ላይ ሲደርሱ ቀደማቸው። በሦስተኛው፣ ሼሁ ጉልበቱን ይዘውት፣ ሥርዓቱ ተፈጸመ። እኔ በሳቅና በእንባ መካከል ነበርኩ፤ ያን ታንኳ ከእኔ በቀር ያየ አልነበረም።

ከዚያ ምሳ ሆነ። በድሮው ግቢ ቢሆን የሽኩር እናት እማማ ዘሃራ ለእኛ ለክርስቲያኖቹ የተለየውን ሣህን ራሳቸው ይዘው ይመጡና፣ ራሴ ላይ ቆመው «ደሬዬ፣ በሞቴ!» እያሉ ትንፋሽ እስኪያጥረኝ ያጎርሱኝ ነበር። ዛሬ እማማ ዘሃራ መብራቱ ሥር ከሙሽሮቹ ጎን ተቀምጠው ፎቶ ይነሳሉ። መስተንግዶው የተቀጣሪ ነው። ጥቁር ሽርጥ ያደረገች ሴትዮ አጠገቤ ደረሰችና «ምሳ ላምጣልዎት?» አለችኝ።

ታውቃላችሁ። ጠዋት ቁርስ አልበላሁም፤ ለሰርግ ነው ሆዴን ያስቀመጥኩት። መሐላዬም፣ አሮጊቷም፣ ውሻውም፣ አቧራውም ፊቴ ላይ ድቅን አሉ። እጄ ግን ሄዶ ደረቴ ላይ አረፈ።

«ኧረ በልቻለሁ» አልኳት።

«እሺ» ብላ ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ ሄደች።

ጠበቅኩ። አልተመለሰችም፤ ሥራዋን ነው የሠራችው፣ በሞቴ ማለት ውሏ ላይ የለም። እማማ ዘሃራ ከሩቅ ዓይተውኝ በእጃቸው «በላህ?» ሲሉኝ እኔም በእጄ መብላቴን አረጋገጥኩላቸው፤ ፎቶ አንሺው ጠራቸው። ሙሽራው ራሱ ወደ መኪናው ሲወጣ አቅፎኝ «በላህ አይደል?» አለኝ። «አዎ፣ ጠግቤያለሁ» አልኩት። ድሮ ቢሆን ፊቴን አይቶ ይገባው ነበር። አሁን ግን ያሉትን የሚያምን ሰው ሆኗል። «እሺ ጀለስ» ብሎ ሄደ። ደሴቲቱ ተከትላን ፒያሳ ገብታለች፤ እኛ ዋና ሳንማር።

በእግሬ ወደ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ወረድኩ። መንገድ ዳር አንዲት ሴት ሳምቡሳ ትጠብሳለች፤ ሁለት ገዛሁና ቆሜ አንዷን ገመጥኩ። አጠገቤ የማላውቀው ሰውዬ ታክሲ ይጠብቃል። ዓይን ለዓይን ተጋጨን፤ እንግዲህ ወግ ነውና ወረቀቱን ወደሱ ዘርግቼ «እንብላ» አልኩት።

«እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለና ሁለተኛዋን አነሳት።

አላንገራገረም፣ አልተከዘም፣ ሰዓቱን አላየም። «ምን ዓይነት ይሉኝታ ቢስ ነው!» አልኩ በልቤ፣ የቀረችኝን ግማሽ ሳምቡሳ ቶሎ እየዋጥኩ።